ቁልፉ ከመምህሩ ኪስ፣ ትምህርቱ ከሰማይ

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ይህን አይረሳውም። ስልሳ ሰባ ሆነን ተጨናንቀን ተቀምጠናል። መምህሩ ከኪሳቸው ቁልፍ ያወጡና ከሰሌዳው ጎን ያለውን ሣጥን ይከፍታሉ። ፕላዝማው ይበራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ከዚያ የማናውቃቸው መምህር ባልለመድነው የእንግሊዝኛ ቅላፄ ማስተማር ይጀምራሉ። ጥያቄ ይጠይቁናል። ሰዓት ቆጣሪዋ ትዞራለች። እኛ ጥያቄውን ገና ወደ አማርኛ እየመለስን ሳለ ጊዜው ያልቃል። ስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር ፈገግ ብለው «ቬሪ ጉድ! ዌል ደን!» ይሉናል። አንድም ሰው አልመለሰም። ክፍሉ በሳቅ ያውካል።

ያ ሳቅ ለእኛ ጨዋታ ነበር። በሩ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ለቆሙት መምህራችን ግን ምን እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም በሙያዬ ሰው እየጠየቅኩ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

ሰሞኑን ስለ ዲጂታል ትምህርት ብዙ ይወራል። ታብሌት፣ ስማርት ሰሌዳ፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃው ነው፤ ስንት ተገዛ፣ ስንት ትምህርት ቤት ደረሰ። ዕቃውን ስለሚይዘው ሰው፣ ማን እንዳስተማረውና ከማን ጋር ተመካክሮ እንደሚሠራበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህችን አገር በዚህ በኩል ታሪኳ አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ አስተምሯታል። ትምህርቱን የያዝነው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

▪️ ፕላዝማው ለምን መጣ?

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ከበጎው ልጀምር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገው። ትምህርት ቤት በየወረዳው ይከፈት ጀመር። ተማሪው ጎረፈ፤ መምህሩ ግን በዚያው ፍጥነት አልተፈጠረም። በተለይ የሒሳብና የሳይንስ መምህር እጥረቱ ከባድ ነበር። ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል በብዙ ቦታ አቧራ የጠጡ ጠርሙሶች የተደረደሩበት መጋዘን ነው።

የመንግሥት መልስ ይህ ሆነ፦ ትምህርቱ በአንድ ቦታ ይዘጋጅ፣ በሳተላይት ይሰራጭ፣ በየክፍሉ በተሰቀለ ስክሪን በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይታይ። ዝግጅቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሠራ፤ ስርጭቱን የትምህርት መገናኛ ብዙኃን ኤጀንሲ ያዘው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዳረሱ። ሐሳቡ የእኩልነት ሐሳብ ነበር፤ የጋምቤላው ልጅና የቦሌው ልጅ አንድ መምህር ይኑራቸው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ኬሚካል ከኬሚካል ሲቀላቀል ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ እኔ ያየሁት በዚያ ስክሪን ነው። ያለ እሱ ሳላየው እመረቅ ነበር።

ችግሩ ከአሠራሩ መጣ። የክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ ለመምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀርለታል። ስርጭቱ ቀጥታ ከሳተላይት ስለሆነ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ተማሪ ግራ ሲገባው መምህሩ «ቆይ፣ ይህን ልድገምላችሁ» ማለት አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት ሰማይ ላይ አለፈ ማለት ነው፤ መምህሩም ያላዘጋጀውን ትምህርት በድንገት እንዲያስተምር ጠመኔ ይይዛል።

ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው በገዛ ክፍሉ ቁልፍ ያዥ ሆነ። በጊዜው መምህራንን ያነጋገሩ አጥኚዎች ደጋግመው የመዘገቡት ቅሬታም ይኸው ነው፤ ፍጥነቱ፣ ቋንቋው፣ የመምህሩ ከክፍሉ መገለል።

▪️ የዓርብ ከሰዓቱ ጠረጴዛ

የፊዚክስ መምህራችን አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ሰሞን ደወልኩላቸው። ዛሬም «ቲቸር» ነው የምላቸው፤ ሌላ ስም አፌ ላይ አይመጣም። ስለ ፕላዝማው ሥልጠና ስጠይቃቸው ሳቁ። ሥልጠናማ ነበረ አሉኝ፤ ሣጥኑ እንዴት እንደሚከፈት፣ ቻናሉ እንዴት እንደሚመረጥ፣ አቧራው በምን እንደሚጠረግ።

የቀረውን ራሳቸው ናቸው የሠሩት። በትምህርት ቤታችን ዘጠነኛና አሥረኛን የሚያስተምሩ ሦስት የፊዚክስ መምህራን ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይቀመጡና የመምህሩን መምሪያና መጽሐፉን ዘርግተው የሚቀጥለውን ሳምንት ስርጭት ያያሉ። ተማሪ የሚወድቅባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ያወጣሉ። እነዚያን ቃላት ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጥቂት ደቂቃ ሰሌዳው ላይ ይጽፉልናል። ከሦስቱ አንዱ ከጨረሰ በኋላ ለሁለቱ ይነግራቸዋል፦ «ሰዓቱ ሲቆጥር ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ ጥያቄውን በአማርኛ ጮክ በሉበት። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ዝለሉት፣ አይደርስም።»

እኛ ተማሪዎቹ የምናውቀው የፊዚክስ ፕላዝማ ከሌላው እንደሚሻል ብቻ ነበር። ለምን እንደሚሻል አናውቅም። ከዓርቡ ጠረጴዛ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም፤ ርዕሰ መምህሩም፣ ወረዳውም፣ ሚኒስቴሩም ስለ ጠረጴዛው አያውቁም። ሪፖርት ውስጥ የሚገባበት ሣጥን የለውም።

ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ደብተር። የመምህራን የሙያ ማኅበረሰብ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ሲጻፍ ግዙፍ ይመስላል፤ ሥጋ ለብሶ ሲታይ ይህን ያህል ነው።

▪️ ከመቶ ዓመት በፊት በፈረንሳይ መንደር

ይህ ነገር አዲስ አለመሆኑን ለማየት ትንሽ ራቅ እንበል። ሴለስታን ፍሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ስለተመለሰ ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስተማር ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 ባር ሱር ሉ በተባለች የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ተመደበ። በ1924 ደግሞ አንዲት አነስተኛ የእጅ ማተሚያ ገዝቶ ክፍሉ ውስጥ አስገባት። ልጆቹ በእግር ጉዞ ያዩትን ጻፉ፣ የእርሳስ ፊደላቱን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ ቀለም ቀቡ፣ አተሙ። ጽሑፋቸው የንባብ መጽሐፋቸው ሆነ።

የዚያን ዘመን ማተሚያ የዚያን ዘመን ቴክኖሎጂ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንድ መንደር መምህር ዘዴ እንዴት ወደ ሌላ መንደር ተሻገረ? ሚኒስቴሩ አላዘዘም፣ ማተሚያም አላደለም። ሬኔ ዳንኤል የተባለ በብሪታኒ ጠረፍ ትሬገንክ የሚያስተምር ሌላ መምህር እሱም ማተሚያ አስገባና ሁለቱ ክፍሎች የታተመ ጽሑፋቸውን በፖስታ መለዋወጥ ጀመሩ። የደቡቡ ልጅ ስለ ወይራ ይጽፋል፣ የባሕር ዳርቻው ልጅ ስለ ዓሣ ማጥመድ ይመልሳል። ሌሎች መምህራን ተጨመሩ። ፊደል ሲሰበር ምን እንደሚደረግ፣ ስድስት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚያትም፣ ቀለም ከየት በርካሽ እንደሚገኝ በመልእክት መጽሔታቸው ይጻጻፋሉ። ብዙ ሳይቆይ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማተሚያውንም ቁሳቁሱንም ራሳቸው ያቀርቡ ጀመር። ፍሬኔ ከመንደር ሹማምንትና ከትምህርት ባለሥልጣናት ጋር ተጣልቶ የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ለቅቆ በ1935 የራሱን ሲከፍት እንኳ መረቡ አልተበጠሰም። እሱ ካለፈ ስልሳ ዓመት ሊሆን ነው፤ የመምህራኑ እንቅስቃሴ ግን ዛሬም በብዙ አገር አለ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ማተሚያዋ በፈለጉት ሰዓት የምትቆም፣ ሲሳሳቱባት የምትታረም፣ ከመምህሩ እጅ የማትወጣ መሣሪያ ናት። ያም ሆኖ አንዱ መምህር ብቻውን ቢቀር ኖሮ ዘዴው ከመንደሩ ባልወጣ። ፕላዝማው ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ግን ለመምህራኑ የሚነካኩት ነገር አልተወላቸውም፤ ስለዚህ የሚመካከሩበትም ነገር አነሰ።

▪️ ሳይጠየቁ መታቀድ

መምህሩን ሳይጠይቁ ስለ ክፍሉ ማቀድ በእኛ አገር በፕላዝማ አልተጀመረም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት በምሁራንና በውጭ ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ፣ መምህሩ በዝርዝር የሰማው በ1966 ነው። ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት ይበቃዋል የሚል አንድምታ ያለው ሐሳብ ሲሰማ፣ የደመወዝ ብሶቱም ተጨምሮ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። ጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ መንግሥቱም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። መምህራን ብቻቸውን አብዮት አመጡ ማለቴ አይደለም። ጥናቱ ውስጥ ጠቃሚ ሐሳብም ነበረ፤ ግን የሚተገብሩት ሰዎች የእኛ ነው ስላላሉት አንድ ቀን እንኳ አልተሞከረም።

መንግሥት ይህን ፈጽሞ አልተረዳም ማለትም አይቻልም። ከፕላዝማው ጋር በተቀራረበ ጊዜ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባለው ሥርዓት መጣ። በጉድኝት ማዕከል የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶች መምህራን እርስ በርስ እንዲማማሩ ታሰበ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሻሽሎ የወጣው ማዕቀፍ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት መደበ። በወረቀት ላይ የዓርቡን ጠረጴዛ ሕጋዊ ያደረገ ነው።

ከዚያ ግን ጠረጴዛው ወደ ቅጽ ተለወጠ። መምህሩ ማኅደረ ተግባር ያዘጋጃል፤ ማኅደሩ ይመረመራል፤ የደረጃ ዕድገት ከሱ ጋር ይታሰባል። አንዱ የሌላውን ማኅደር ስም ቀይሮ እንደሚያስገባ የነገሩኝ መምህራን ብዙ ናቸው፤ የነገሩኝም እያፈሩ አይደለም። ቀጥሎ «አንድ ለአምስት» መጣ። ስድስት ሰው በየሳምንቱ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ሌላ ቅጽ ይመጣል። ሰው ድክመቱን የሚናገረው የሚሰማው ሰው ነገ ውጤት የማይሞላበት ከሆነ ነው። «ይህን ፕሮጀክተር ማብራት አልችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአለቃ በሚላክ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይጻፍም። ስለዚህ አልተጻፈም፤ ፕሮጀክተሩም ካርቶኑ ውስጥ ቆየ።

▪️ መምህር የሌለበት ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩ ጫፉ ላይ ደረሰ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ለሚገኙ፣ ማንበብ ለማያውቁ አርባ ያህል ልጆች በታሸገ ካርቶን ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። አዋቂዎቹ የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ለዓለም ሲያወራ፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በወራት ውስጥም ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱ ተናገረ። ዓለም አጨበጨበ።

የልጆቹ ብልህነት አይካድም፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ዜናውን ሁለቴ ሳነበው ያ የዘጠነኛ ክፍሉ ሣጥን ትዝ አለኝ። ፕላዝማው መምህሩን በር ላይ አቁሞት ነበር፤ ይህኛው ጭራሽ ከበር አስወጣው። የሚያሳዝነው ደግሞ ልጆቹ የተማሩት እርስ በርስ እያሳዩ መሆኑ ነው። አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያሳያል፣ ያኛው ይጨምርበታል። ለልጆች የተፈቀደው ይህ ነገር ለመምህሮቻቸው ለምን እንዳልተፈቀደ የጠየቀ የለም።

▪️ መጋቢት 2012

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ተወሰነ፤ 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ትምህርት ያሰራጩ ጀመር። ከዚህ ጎን ግን ማንም ያላዘዘው ነገር ሆነ፤ መምህራን ቴሌግራም ላይ ተሰበሰቡ።

ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ከተማ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። በዚያን ጊዜ የገባበትን የመምህራን ግሩፕ አሳየኝ። ስልክን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ ሰሌዳ እንዴት እንደሚቀረጽ አንዱ በፎቶ ያስረዳል። ሌላው የቪዲዮው ክብደት እንዴት ቀንሶ የተማሪን ዳታ እንደማይጨርስ በድምፅ መልእክት ይናገራል። የቴሌግራሙን የኩዊዝ አገልግሎት አንዲት መምህርት ቀድማ ሞክራ ለሁሉም አካፈለች፤ በሳምንቱ ሁሉም ተማሪውን በኩዊዝ ያጨናንቅ ጀመር። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩትን «ፌት» የሚባሉ የሳይንስ ሙከራ ማሳያዎች አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም እንደሚቻል ያወቀው በዚያው ነው። ዛሬ በፍላሽ ይዟቸው ይዞራል፤ ላቦራቶሪው ኪሱ ውስጥ ነው።

ወዳጄን የገረመው ሌላ ነገር ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራው «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ብሎ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ሰው ወዲያው መለሰለት። መላሹ የሚኖርበትን ከተማ እንኳ አያውቅም።

ጉድለቱን አልሸፍንም። ስማርት ስልክ የሌለው የገጠር መምህር በዚያ ግሩፕ የለም፤ ተማሪውማ ጨርሶ የለም። የተሳሳተ መልስ ያለው የፈተና ወረቀትም እንደ ጥሩው ሁሉ በፍጥነት ይዞራል። ዳታው ከመምህሩ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው፤ ደመወዙን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያው ለአምስት ወር ያህል ሲገደብ ወዳጄ በቪፒኤን እየገባ ቀጠለ፤ ብዙዎቹ ግን ጠፉ። ገደቡን የወሰነው አካል የመምህራን ማሠልጠኛ እየዘጋሁ ነው ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ዘግቶ ነበር ግን።

▪️ እና አሁንስ?

እንግዲህ ታሪኩን በአንድ ላይ ስናየው፣ በገንዘብ የተገዛው ሁሉ መምህሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ መምህራን እርስ በርስ የተቀባበሉት ግን ያለ በጀት ተራመደ። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው መንግሥት እጁን ይሰብስብ» የሚል ይኖራል። አልስማማም። በጎ ፈቃድ ብቻውን ድካም አለው። የዓርቡ ጠረጴዛ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ሲዛወሩ ፈርሷል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰዓት። በሳምንት 25 እና 30 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ማታ ደግሞ ኑሮ ለመሙላት ሌላ ቦታ የሚሮጥ ሰው ከማን ጋር ይመካከር? የመመካከሪያው ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቆጠርለት፤ ቃለ ጉባኤም አይጠየቅበት። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ለጥቂት ትምህርት ቤት መምህራን ለአንድ ዓመት ይሰጥና ይጫወቱበት፤ ይሰብሩት፣ ይማረሩበት፤ «ይህ አይጠቅመንም» የማለት መብትም ይኑራቸው። የሌላውን ትምህርት ቤት መምህር የሚያሠለጥኑትም እነሱ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ዳታ። መምህራን አሁን በራሳቸው ካርድ እያደረጉት ያለውን መማማር ቢያንስ በነፃ ያድርጉት፤ ይህ ከአንድ ዙር የታብሌት ግዢ ይረክሳል።

ለፊዚክስ መምህሬ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ደብተሩ የት እንደደረሰ ጠየቅኳቸው። ያ የሦስቱ ደብተር። ከሁለቱ በአንዱ እጅ እንደቀረ ነገሩኝ፤ እሳቸውም በኋላ እየተዘዋወረ ለአዲስ መምህራን ይሰጥ እንደነበር ሰምተዋል። ማብቂያውን አያውቁም። ቀጥለው ጥያቄ ጠየቁኝ፤ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ቻትጂፒቲ የሚባል ነገር እያናገረ የቤት ሥራ ይሠራል፣ ይህን ነገር መምህሮቹ ያውቁበታል ወይ? እርስ በርስስ ይነጋገሩበታል?

መልስ አልነበረኝም። በዚህ ቻናል መምህራን እንዳላችሁ ስለማውቅ ጥያቄውን ለእናንተ አሳልፌያለሁ። የፕላዝማ ዘመን ትዝታችሁንም፣ የዛሬውን የዓርብ ጠረጴዛችሁንም ጻፉልኝ፤ ለቲቸር አነብላቸዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።